ቱሉ ጉዶን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ፦ ሚኒባስ፣ ኮንትራት መኪና ወይስ የጉዞ ቡድን?

የመክፈቻው ጽሑፍ

እዚህ የምዘረዝረው በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ለቀረበ የጉዞ ጥያቄ የተጻፉትን ምላሾች ነው። ጠያቂዋ ጉዳይዋን በሥርዓት አስቀምጣለች። እናቷ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቁ ወደ ሆነው ወደ ቱሉ ጉዶ ተሻግረው የደብረ ጽዮን ማርያምን ደጅ ለመሳም ከተመኙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ታናሽ እኅቷ ከአሜሪካ ለአጭር ዕረፍት መጥታለች፤ አጎቷም አብረው ሊሄዱ ፈቃደኛ ናቸው። ሰዎቹ አራት ናቸው፤ ሁሉም የሚመቻቸው ግን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ በሐይቁ ዳርቻ እስካለችው ከተማ እስከ ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ማለዳ ወጥቶ ማታ መመለስ አያስቸግርም ብላ ታምናለች። የቀረቡላት አማራጮች ሦስት ናቸው፤ ከቃሊቲ መናኸሪያ በሕዝብ ትራንስፖርት መሄድ፣ መኪና ከነሾፌሩ በኮንትራት መያዝ፣ ወይም ቅዳሜና እሑድ ጉዞ ከሚያዘጋጁት ቡድኖች ጋር መመዝገብ። ሚኒባሱ ከኮንትራቱ እጅግ ስለሚረክስና የሰዓቱ ልዩነት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም ብላ ስላሰላች፣ ልቧ ወደ ሚኒባሱ ያዘነበለ ይመስላል።

ምላሾቹን ከመዘርዘሬ በፊት የራሴን አቋም ልናገር። በዚህ ጉዞ ላይ ምርጫውን የሚቆርጠው ሐይቁ ነው። በመኪናው ዓይነትና በታሪፉ ላይ የሚደረገው ክርክር ሁሉ፣ ከባቱ ዳርቻ ጀልባው ስንት ሰዓት ላይ ይነሣል ለሚለው ጥያቄ መልስ ካልሰጠ ውሃ አያነሣም። ከመላሾቹ መካከል ግን ይህን በግልጽ ያነሣ ሰው እስኪገኝ 10ኛው ምላሽ ድረስ መጠበቅ አስፈልጓል።

ከ1 እስከ 4፦ መናኸሪያውና ኮንትራቱ

1ኛው ምላሽ ሰጪ በትሕትና ጀምሮ የጠያቂዋን ሐሳብ ደግፏል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቃሊቲ መናኸሪያ ከተደረሰ አባዱላ እንደማይታጣ፣ 3 ሰዓት ገደማ ባቱ እንደሚገባ፣ ከባቱ መናኸሪያ እስከ ሐይቁ ዳርቻ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደሚፈጅ ዘርዝሯል። ገንዘቡን ለጀልባውና ለዓሣው ማትረፍ ይሻላል የሚል ምክርም ጨምሯል። የጻፈው ሁሉ ከመንገዱ አንጻር ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሄደውም እንዲሁ ነው።

2ኛው እርማት ይዞ መጣ። መኪናው የሚነሣው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ወንበሩ ሲሞላ መሆኑን አስታወሰ። ቅዳሜ ጠዋት የሻሸመኔና የሐዋሳ ተሳፋሪ ስለሚበዛ፣ ረዳቶቹ ግማሽ መንገድ ላይ የሚወርድ ሰው መጫን አይወዱም፤ ከጫኑም እስከ መጨረሻው ያለውን ታሪፍ እንዲከፍል ይጠይቁታል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ባቱ ወይም ወደ መቂ ከሚጭነው ተራ መሰለፍ ግድ ነው፤ የመቂው ከሆነ ደግሞ እዚያ ወርዶ ሌላ መኪና መቀየር አለ። ከዚህ ሁሉ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ስለ መመለሻው የጻፈው ነው። ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት መኪኖች ባቱ ሲደርሱ ሞልተው ያልፋሉ፤ ከባቱ የሚነሡትም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እየተመናመኑ ይሄዳሉ። አንድ ወንበር ለአንድ ወጣት ሊገኝ ይችላል፣ አራት ወንበር በአንድ መኪና ላይ፣ ያውም አንድ አረጋዊት ይዞ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

3ኛው ምላሽ ሰጪ የኮንትራት ደጋፊ ነው። የኮንትራቱ ዋጋ ለአራት ሲካፈል የሚያስፈራውን ያህል እንዳልሆነ፣ በተለይም የመናኸሪያው ጥበቃና የባጃጁ ሒሳብ ሲታሰብ ልዩነቱ እንደሚጠብ ተከራክሯል። ቤት ድረስ መጥቶ የሚወስድና በር ላይ የሚመልስ መኪና ለእናትየው የሚሰጠውን ዕረፍት በገንዘብ መተመን አይቻልም ብሏል። በዚህ በኩል ከእሱ ጋር ነኝ።

4ኛው በ3ኛው ላይ ተጨማሪ አበጀ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ወጥቶ ሞጆ አካባቢ ወደ ደቡብ መታጠፍ፣ ከዚያም ወደ ሐዋሳ እየተዘረጋ ያለውን አዲሱን የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ መከተል እንደሚቻል ገለጸ። ከሞጆ ባቱ ያለው ክፍል 93 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚያስከፍሉ በመሆናቸው፣ ኮንትራት ሲያዝ የመንገዱን ክፍያ፣ ነዳጁንና የሾፌሩን ምግብ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ካልተነጋገሩ፣ ማታ በመለያያው ሰዓት ጭቅጭቅ እንደሚነሣ አስጠንቅቋል። መኪናው ዓርብ ማታ ነዳጅ ቀድቶ እንዲያድርም አሳስቧል፤ ቅዳሜ ንጋት ላይ ማደያ ተሰልፎ የሚጠፋው ሰዓት ከማንኛውም የመንገድ መዘግየት ይብሳል። ከመንገድ ምክሮቹ ሁሉ በጣም የተግባር ሰው ምክር ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው።

ከ5 እስከ 9፦ አሮጌው መንገድ፣ ባቡሩና የኤሌክትሪክ መኪናው

5ኛው ምላሽ ሰጪ በዕድሜ የገፉ ሰው ይመስላሉ። የፍጥነት መንገዱ መንገደኛውን ከአገሩ ይነጥለዋል ብለው አዝነዋል። በአሮጌው መንገድ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ ቆቃንና ዓለም ጤናን እያለፉ መሄድ፣ ቆቃ አካባቢ አዋሽን ተሻግሮ ከመንገድ ዳር ዓሣ ከሚሸጡ ልጆች ጋር መከራከር፣ መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን መግዛት፣ ይህ ሁሉ የጉዞው አካል እንደ ነበር ጽፈዋል። ከአሜሪካ የመጣችው እኅት ይህን ሳታይ ብትመለስ እንደሚቆጫት ነው የሚያምኑት።

6ኛው መላሽ በሰላ አንደበት ተነሣባቸው። ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገቡና የሚወጡ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚተራመሱበትን መንገድ ለትዝታ ሲባል ለአረጋዊት እናት መምከር ኃላፊነት የጎደለው ነው አለ። ቃሉ ከሚገባው በላይ ከረረ፤ በተለይ ዕድሜያቸውን መጥቀሱ አላስፈላጊ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ መኪኖቹ የተናገረው ማንም በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሰው የሚያውቀው እውነት ነው። የማለዳው ሰዓት ዋጋ ባለው ጉዞ ላይ በአሮጌው መንገድ መሄድ አይመከርም፤ ሲመለሱ መሸት ሳይል ጊዜ ከተረፈ ግን ከመቂ አትክልት ለመግዛት ጎራ ማለት ማንንም አይጎዳም።

7ኛው ባቡርን አነሣ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ ሞጆን ስለሚያልፍ፣ እስከ ሞጆ በባቡር፣ ከዚያ በሚኒባስ ቢሄዱ ለእንግዳይቱ አዲስ ልምድ ይሆናል የሚል ነው ሐሳቡ። 8ኛው በአጭሩ መለሰለት፤ መስመሩ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ቢሰጥም የመንገደኛው ባቡር መርሐ ግብር የተዘጋጀው ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ለሚሄድ ሰው እንጂ ደርሶ መልስ ለሚያደርግ አይደለም፤ ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ መሃል ራቅ ብለው የተሠሩ ናቸው። ባቡሩ ወደ ባቱ የሚሄድ ሐዲድ የለውም፣ ነገሩም በዚህ ተዘጋ።

9ኛው ምላሽ ከርእሱ ትንሽ ቢወጣም ጠቃሚ ነበር። አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ኮንትራት የሚሠሩት መኪኖች ከቀን ወደ ቀን ወደ ኤሌክትሪክ እየዞሩ ስለሆነ፣ የሚመጣው መኪና ኤሌክትሪክ ቢሆንስ ብሎ ጠይቋል። ከዚያም ራሱ መለሰ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ስትሆን ዝዋይ ሐይቅ ያለው 1,640 ሜትር ያህል ላይ ነው። ሲሄዱ ወደ 700 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ስላለ ባትሪው ይቆጥባል፤ ሲመለሱ ያው ከፍታ አቀበት ሆኖ ይጠብቃል። በፍጥነት መንገድ ላይ በኃይል መንዳት ደግሞ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ መሄጃው ላይ ግማሽ ባትሪ ስለተረፈ መመለሻውም ይበቃል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ደርሶ መልሱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ቆጥሮ፣ ቻርጅ የሚደረግበትን ቦታ ሾፌሩ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ለዚህ ጉዞ ነዳጅ ሞልቶ ያደረ መኪና ይመረጣል የሚለው መደምደሚያው አሳማኝ ነው።

10፦ ነፋሱ

10ኛውን ምላሽ የጻፈው ባቱ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱም ዓሣ አስጋሪ የነበሩ ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ የተጻፈውን ሁሉ በጥሞና አንብቦ፣ ማንንም ሳይነቅፍ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ከሐይቁ የምትመለሱት በስንት ሰዓት ነው? ከዚያም የሐይቁን ጠባይ አብራራ።

ዝዋይ ሰፊ ነው፣ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፣ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታም 9 ሜትር ቢሆን ነው። ይህ ጥልቀት ማነስ ሰውን ያዘናጋል። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይነሣል፤ ማዕበሉም አጫጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን በጎን ሲያገኛት ውሃ ይሞላባታል። ማለዳ ሐይቁ እንደ ተኛ ነው። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ከስምጥ ሸለቆው ወለል የሚነሣው ነፋስ ይበረታል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ደግሞ በብዙ ቀናት ውሃው ይታወካል። የደሴቱ ሰዎችም ሆኑ አስጋሪዎቹ ሥራቸውን በማለዳ የሚጨርሱት ለዚህ ነው።

ከባቱ ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሰውዬው ሒሳቡን እንዲህ ሠራው። ጀልባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከተነሣ 3 ሰዓት ደሴቱ ላይ ይደረሳል፤ ሁለት ሰዓት ቆይተው 5 ሰዓት ላይ ቢነሡ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ባቱ ናቸው፤ ነፋሱ ቢነሣ እንኳ የሚያገኛቸው ወደ ዳርቻው ከተቃረቡ በኋላ ነው። በ1ኛው ምላሽ ዕቅድ ግን 3 ሰዓት ባቱ ተደርሶ፣ ጀልባ ተፈልጎ፣ ዋጋ ተከራክሮ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሡ ደሴቱ ላይ የሚደርሱት 5 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ቆይተው 7 ሰዓት ላይ ሲነሡ የሐይቁን ሰፊ ክፍል የሚያቋርጡት በነፋሱ መሃል ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩሉ ሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ጀልበኛው አስተዋይ ከሆነም ነፋሱ እስኪበርድ አልነሣም ሊል ይችላል፣ ልክም ነው። በዚያ መዘግየት ላይ የ2ኛውን ምላሽ ስለ ባቱ የማታ መኪና እጥረት ሲደርቡበት፣ የሚኒባሱ ዕቅድ ሁለቱም ጫፍ ላይ ይበጠሳል።

ስለዚህ ባቱ 1 ሰዓት ላይ መድረስ የሚችለው የትኛው መጓጓዣ ነው ብሎ መጠየቅ እንደሚበቃ ጽፎ ምላሹን ዘጋ። ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ኮንትራት መኪና ይደርሳል። ቃሊቲ ላይ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሚኒባስ አይደርስም።

11 እና 12፦ ቁጣው

11ኛው ምላሽ ሰጪ ይህን ካነበበ በኋላ በ1ኛው ላይ ወረደበት። ሐይቁን ሳያውቅ አረጋዊት ሴት ነፋስ ውስጥ እንድትገባ መከረ ብሎ ከሰሰው፤ እንዲህ ያለ ምክር ሰው ያስገድላል እስከ ማለትም ደረሰ። 1ኛው ምላሽ ሰጪ በ12ኛው ተመልሶ በተጎዳ ስሜት ጻፈ። የተጠየቀው ስለ መኪና እንደ ነበር፣ ሚኒባስን የመከረውም ገንዘብ የሌለው ሰው ሐይቅ ማየት የለበትም የሚል አስተሳሰብ እንዳይሰፍን ብሎ እንደሆነ አስረዳ። በዚህ አነጋገሩ ውስጥ ሊደመጥ የሚገባው ቁም ነገር አለ። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ሰው ቱሉ ጉዶን ትቶ ከዳርቻው ወደሚቀርቡት ትንንሽ ደሴቶች ቢሄድ፣ ወፎቹንና ጉማሬዎቹን አይቶ፣ ዳርቻው ላይ ትኩስ ቆሮሶ በልቶ በሰላም መመለስ ይችላል። ያ ራሱን የቻለ ጥሩ ቀን ነው። 11ኛው ግን ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀረ፣ ይህም ደግ አልነበረም።

13 እና 14፦ የጉዞ ቡድኑና ጀልባው

13ኛዋ ምላሽ ሰጪ በጉዞ ቡድን የሄደች ናት። መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቢባልም የዘገየ ሰው ሲጠበቅ 12 እንደሚያልፍ፣ ቁርስ መንገድ ላይ እንደሚቆም፣ በዚያው ቀን ላንጋኖ ወይም አብያታ ስለሚጨመር የደሴቱ ጊዜ እንደሚያጥር ዘርዝራለች። ለወጣት ጨዋታ ነው፤ ደጅ ለመሳም ለሚሄዱ እናት ግን ጩኸቱ ራሱ ድካም ነው። መልካሙ ጎን ጀልባው አስቀድሞ የተያዘ መሆኑና ዋጋውም ለብዙ ሰው ስለሚካፈል መቅለሉ ነው። የእሷ ምስክርነት ሚዛናዊ ነበር፤ አልደለለችም፣ አላጣጣለችምም።

14ኛው ምላሽ ጀልባውን በቅርብ አሳየን። ማለዳ ዳርቻው ላይ የሚታየውን እንዳለ ጽፎታል። አስጋሪዎቹ መረባቸውን እያራገፉ ዓሣውን ሲበልቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አንጀቱን ይጠብቃሉ፤ ጀልበኛው ቤንዚኑን ከጀሪካን ወደ ሞተሩ ታንክ ይገለብጣል፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ ከወንበሩ ሥር ተቆልለው ይወጣሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ምክሩ ነው ዋናው። ጃኬቱን እጅ ላይ ተቀብሎ መቆለፊያው የሚይዝ መሆኑን መፈተን ያስፈልጋል፤ የላላ ጃኬት ውሃ ውስጥ ከአንገት አልፎ ይወጣል። ቁጥራቸውም ከሰዉ ቁጥር ጋር መመሳሰል አለበት። በጀሪካኑ ውስጥ ለመመለሻ የሚበቃ ቤንዚን መኖሩን ማየት፣ ሞተሩ ቢጠፋ የሚያገለግል መቅዘፊያ መኖሩን መጠየቅ ነውር አይደለም። ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሚቆረጥ ደርሶ መልሱንና ደሴቱ ላይ የሚጠብቅበትን ሰዓት ጨምሮ አንድ ላይ መስማማት፣ ግማሹን ሲነሡ፣ ግማሹን ሲመለሱ መክፈል ይገባል። ዓርብ ዕለት ስልክ ተደውሎ ጀልባው ካልተያዘ ደግሞ ማለዳ የሚጠፋው አንድ ሰዓት የነፋሱ ሰዓት ሆኖ እንደሚመጣ አስታውሷል።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ቢኖር፣ በዋጋ ስንከራከር ጀልበኛው ጃኬትና ነዳጅ ላይ እንዲቆጥብ የሚያስገድደው ድረስ መግፋት እንደሌለብን ነው። በመኪናው ኮንትራት ላይ የተከራከረ ሰው ቢበዛ ምቾት ያጣል፤ በጀልባው ላይ ያለ ልክ የተከራከረ ግን የሚቀንሰው ከራሱ ደኅንነት ላይ ነው።

15፦ ከዛይ ወገን የመጣው ድምፅ

15ኛዋ ምላሽ ሰጪ አያቶቿ ከደሴቱ መሆናቸውን ነግራናለች። ሰዉ ስለ ቱሉ ጉዶ ሲጽፍ እንደ መናፈሻ አድርጎ መናገሩ ቅር አሰኝቷታል። የዛይ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ ያለው፣ ቋንቋውም ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ፣ ለዘመናት በዓሣ፣ በእርከን እርሻና በሽመና የኖረ ነው። ብዙዎቹ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱና ወደ ሌላው ዳርቻ ወጥተው ሰፍረዋል፤ ደሴቱ ላይ የቀሩት ግን ለመሻገሪያው ከጀልባ ሌላ የላቸውም። እኛ በአንድ ቅዳሜ የምንፈራው ነፋስ ለእነሱ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርስበትን ሰዓት የሚወስን ነው። ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከዚያ ወደ ተግባሩ ተመለሰች። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከፍታ ላይ በመሆኑ ከጀልባ መውረጃው ጀምሮ አቀበት አለ፤ ለእናትየው በትርና የማያዳልጥ ጫማ፣ ለአቀበቱም ሰፋ ያለ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በ10ኛው ምላሽ የተመደበው ሁለት ሰዓት ለሳቸው ጠባብ ሊሆን ይችላል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት ያህል በዚህ ደሴት ተጠልላለች፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ የተጠበቁ ናቸው የሚባሉት የብራና መጻሕፍት የሚታዩት ግን በካህናቱ ፈቃድ እንጂ በጎብኚው ጥያቄ አይደለም። ኅዳር 21 ቀን የጽዮን በዓል ስለሆነ ጀልባው ሁሉ ይጨናነቃል፤ በዚያ ሰሞን የሚመጣ ሰው ቀድሞ ይዘጋጅ። በመጨረሻም፣ እናትየው በእርግጥ እንዲሳለሙ ከተፈለገ ዓርብ ማታ ባቱ አድሮ ቅዳሜን ሙሉ ለሐይቁ መስጠት ከሦስቱም አማራጮች ይበልጣል አለች። በዚያ መንገድ ሚኒባሱም ይሠራል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚሄድ ሰው የማለዳውን ሰዓት አያጣም።

ይህን ሐሳብ ከውይይቱ ሁሉ አብልጬ ወድጄዋለሁ። ርካሹ መጓጓዣና ጥንቃቄው የተገናኙት እዚህ ብቻ ነው፤ የባቱ መኝታ ዋጋም ከሌሊት ኮንትራቱ ጋር ሲነጻጸር አያስደነግጥም። የዓርቡ ማታ የማይመች ከሆነ ብቻ ነው የሌሊቱ መኪና ግዴታ የሚሆነው።

ከ16 እስከ 19፦ ስለ ውሃው

16ኛው ምላሽ ሰጪ ነገሩን ወደ ሐይቁ ውሃ መቀነስ ወሰደው። በዙሪያው ያሉት የአትክልትና የአበባ እርሻዎች በፓምፕ የሚስቡት ውሃ፣ ወደ ሐይቁ በሚገቡት በመቂና በቀታር ወንዞች ላይ ያለው መስኖ፣ ከሐይቁ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ የሚወርደው ውሃ ማነስ፣ ሁሉንም አንሥቷል። 17ኛው እርሻዎቹ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ መሆናቸውን በማስታወስ በንዴት መለሰለት፤ ከተማ ተቀምጦ ስለ ሐይቅ ማልቀስ ቀላል ነው አለ። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነበራቸው፣ አነጋገራቸው ግን ወደ ስድብ ሲያዘነብል የመድረኩ አስተባባሪ በ18ኛው ምላሽ ገብተው ጉዳዩ ራሱን የቻለ ውይይት እንዲከፈትለት ጠየቁ። ለጉዞው የሚጠቅመው ቁራጭ ይህ ብቻ ነው፤ ውሃው በሸሸበት ወቅት ጀልባው ከመሬት ጋር ስለማይገናኝ በደለሉ ውስጥ መረማመድ ያጋጥማል።

19ኛው፣ የጤና ባለሙያ መሆናቸውን የገለጹ ሰው፣ እዚህ ላይ አጭር ማስጠንቀቂያ ጨመሩ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ ባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባት አይገባም፤ ጀልበኛው በመረማመጃ ጣውላ ወይም በጀርባው እንዲያወርዳቸው ይጠይቁ። የመንገዱንም ሁኔታ ዓርብ ማታ በዚያው አካባቢ ከሚያውቁት ሰው ጠይቆ መነሣት፣ ሲመለሱም ጨለማ ሳይዝ አዲስ አበባ መግባት ደግ መሆኑን አስታውሰዋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ስለሚነሣው መኪናም፣ ሾፌሩ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ እንዳይሆን መጠየቅ እንደሚገባ ጽፈዋል፤ ይህን ከእሳቸው በፊት ማንም አላነሣውም ነበር፣ ሊረሳ ግን አይገባውም።

ከ20 እስከ 23፦ ውሳኔው

በ20ኛው ምላሽ ጠያቂዋ ተመለሰች። ለ10ኛውና ለ15ኛዋ በስም ሳይሆን በቁጥር ጠርታ አመሰገነች፤ ለ1ኛውም ክፉ እንዳላሰበ እንደምታውቅ ነገረችው። እናቷንና አጎቷን አማክራ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በኮንትራት ወጥተው ባቱ ሊያድሩ ወስነዋል፤ እኅቷ የዓርቡን ቀጠሮዋን ወደ ሰኞ አዛውራለች። መኪናው አድርሷቸው ይመለሳል፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተመልሶ ይወስዳቸዋል።

21ኛው፣ ያው የ4ኛው ሰው፣ እዚህ ላይ ስሕተት አየ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ስለሚያደርግ የነዳጁና የመንገዱ ክፍያ እጥፍ ይሆናል፤ ሾፌሩንም ባቱ አሳድሮ የአዳሩን መክፈል ይረክሳል። ሒሳቡ ግልጽ ነበር፣ ጠያቂዋም ወዲያው ተቀበለችው።

22ኛው ምላሽ ሰጪ እሱና ባለቤቱ በዚያው ቅዳሜ ባቱ እንደሚሆኑ፣ የጀልባውን ሒሳብ መካፈል ከተፈቀደላቸው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ዳርቻው ላይ እንደሚገኙ ጻፈ። ስድስት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ስለሚቀል ሐሳቡ መልካም ነው። 23ኛው፣ የ10ኛው ሰው፣ ከመስማማታቸው በፊት ጀልባው ስንት ሰው እንደሚችል ከነጀልበኛው ቆጥረው እንዲጠይቁ፣ ስድስት ጃኬት መኖሩንም ዓርብ ማታ በስልክ እንዲያረጋግጡ ጠየቃቸው። ጠያቂዋ የጀልበኛውን መልስ እንዳገኘች እዚያው እንደምትጽፍ ቃል ገብታለች።